ከታኮ እስከ ታኮ

አባ ክር የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ነው። ግንባራቸው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፤ ቀኝ እጃቸው እርሳሱን አልለቀቀም። ከጆሯቸው ከፍ ብሎ፣ ሽበቱ ሳስቶ ቆዳው በሚታይበት ቦታ፣ አንዴ ብቻ ተመትተዋል። የተመቱበት ብረት ከእግራቸው ሥር ወድቋል። ወረቀት እንዳይበር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጫኑበት የኖሩት የአሮጌ ፕሮፔለር ስባሪ ነው።

መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ በልቡ ጥቂት ጸለየ። ከዚያ «ይግቡ» እንደ ተባለ እንግዳ ቀስ ብሎ ገባ።

ባልደረቦቹ «ቆይማ» ይሉታል። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ «ቆይማ» ይልና ዝም ይላል። ዝምታው ሲከብደው ተናጋሪው ያልተጠየቀውን ይጨምራል። በሙያው ሌላ ብልሃት የለኝም ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

ክፍሏ ከአየር ማረፊያው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ጠባብ፣ ፀሐይ ያሞቃት። ሟቹ የበረራ ዕቅድ አውጪ ነበሩ። አውሮፕላን ከዚህ ከላይኛው ማረፊያ ተነሥቶ እታችኛው፣ እባሕሩ ጠረፍ እስኪደርስ ስንት ማይል እንደሚሄድ፣ ስንት ደቂቃ አየር ላይ እንደሚቆይ፣ ስንት ኪሎ ነዳጅ እንደሚጨርስ አስልተው በአንዲት ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ። ያቺ ወረቀት ሳትወጣ ሞተር አይነሣም። ኮምፒውተር ከገባ ዓመታት ቢያልፉም እሳቸው ርቀቱን በግድግዳው ካርታ ላይ በክር ሳይለኩ ማኅተም አይመቱም፤ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው።

ካርታው ላይ ሁለት ክሮች በስፒል ተወጥረዋል። ሁለቱም ከላይኛው ማረፊያ ተነሥተው ታችኛው ላይ ያርፋሉ። ቀዩ ተራራውን ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ነጩ ተራራውን ዞሮ ይወርዳል። ከቀዩ ጎን በእርሳስ «214»፣ ከነጩ ጎን «259» ተብሎ ተጽፏል። ከ«214» ሥር አንድ ቀን ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ያ ቀን ምንድን ነው?» አለ መርማሪው።

በር የሚጠብቀው ፖሊስ አንገቱን አሰገገ። «አውሮፕላኗ የወደቀችበት ነው፣ ጌታዬ። የዛሬ ስድስት ወር። የሴትዮዋ ባል ያበራት የነበረችው።»

«ሴትዮዋ» ያለው ቲኬት ቆራጯን ነው። ባሏ ካፒቴን ነበር። ታችኛው ማረፊያ ሊደርስ ስምንት ማይል ሲቀረው ነዳጅ አልቆበት ከነጭነቱ ወደቀ። አጣሪ ኮሚቴው «በቂ ነዳጅ ሳይቀዳ በራሱ ውሳኔ ተነሥቷል» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ዛሬ ደግሞ አባ ክርን ሞተው ያገኘቻቸው እሷ ናት።

መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ያለውን የወረቀት ጥራዝ በእርሳስ ጫፍ ገለጠ። ዋናው ወረቀት ሲቀደድ ካርቦን ቅጂው ጥራዙ ውስጥ ይቀራል። የዛሬዎቹ ሁለት ናቸው፤ ስም የለባቸውም፣ ቁጥርና ማኅተም ብቻ። በማስታወሻው ላይ ገለበጣቸው።

ቁጥር 417፣ የአራት ሰዓት በረራ፣ ወደ ታችኛው ማረፊያ። ርቀት 259። ጊዜ 65። የተዘጋጀበት ሁለት ከሠላሳ አምስት።

ቁጥር 418፣ የስድስት ተኩል በረራ፣ ወደ ታችኛው ማረፊያ። ርቀት 259። ጊዜ 73። የተዘጋጀበት አምስት ከሃያ።

«ያቺ አምስት ከሃያ ናት ጉዳዩን የጨረሰችው» አለ ፖሊሱ። «ሰውዬው አምስት ከሃያ ላይ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃውን የወጣች እሷ ብቻ ናት። ሐኪሙም ክፍሉ ስለሚሞቅ ከሦስት ሰዓት ወዲህ ነው ከማለት በቀር ሊያጠብበት አልቻለም።»

«ቆይማ» አለ መርማሪው።

ስልኩ ጠራ። አዛዡ ነበር። «እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ሴትዮዋን ወደ ጣቢያ አምጣትና ክስ ይመሥረት። የሞተው ሽማግሌ ነው፤ ጋዜጠኞች በር ላይ ናቸው።»

*

ቲኬት ቆራጯን የሻንጣ መጋዘን ውስጥ አስቀምጠዋታል። እጇ ላይ ደም ደርቋል።

«ፎቶ አንሥታችኋል?» አለ መርማሪው።

«አንሥተናል።»

«እንግዲያው ውሃ አምጡላት።»

ታጠበች። ውሃው ቀላ፤ ፊቷን አዞረች። «ልጆቼ ስምንት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ» አለች።

«ማን ይቀበላቸዋል?»

«ሌላ ቀን አጎታቸው አለ... አጎታቸው የምለው ዋና አብራሪውን ነው። የባሌ ጓደኛ ነው፣ ከወንድም የሚበልጥ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በራችንን ሳያንኳኳ የዋለበት ቀን የለም። ዛሬ እሱም እዚሁ ተይዟል፤ ጎረቤቴን ለምኛለሁ።»

«አባ ክርን ሰድበሻቸዋል አሉ።»

«ሰድቤያለሁ። ባለፈው ወር፣ በመንገደኛ ፊት። የአባቴ ታላቅ የሚሆኑትን ሰው ‹አንተ› አልኳቸው። ‹ባሌን የበላኸው አንተ ነህ› አልኩ። ሁሉም ‹ባልሽ ዝርክርክ ነበር› እያለ ሲያልፍ የምሰድበው ሰው አጥቼ ነው።»

«ምን መለሱልሽ?»

«‹ያን ሳምንት ታምሜ ባልተኛ ኖሮ፣ ልጄ› አሉና አለቀሱ።» ቆም አለች፤ እሱም ዝም አለ። «ትናንት ደግሞ ጠሩኝ። በየቀኑ የእኩለ ቀኑን ወረቀት ከበራቸው ላይ ካለው ሣጥን የማወርደው እኔ ነኝ። ‹ነገ ወረቀቱን ስትወስጂ በሩን አንኳኪ፤ ስለ ባልሽ የምነግርሽ አለኝ› አሉኝ። ዐይኔ ሳይከደን ነጋ። አምስት ከአርባ ላይ ወጣሁ። ወረቀቱን ከሣጥኑ ወሰድኩ፤ አንኳኳሁ። ዝም ሲሉ ገፋሁት። ያንቀላፉ መስሎኝ ቀና ላደርጋቸው ስል ነው እጄ...»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። አንድ ነገር ብቻ። ከዚህ እስከ ታችኛው ማረፊያ ስንት ይፈጃል?»

ጥያቄው ግር አላት። «አንድ ሰዓት ተኩል። ቲኬቱ ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው።»

*

የደረጃው ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው። ጉልበታቸው ላይ ደብተር አለ።

«እኔ የምጽፈው ደረጃውን ነው፤ በሩን አይደለም» አሉ ገና ሳይጠየቁ። «ላይ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ አለ፣ የምክትሉ አለ፣ የአብራሪዎች ቁም ሣጥን አለ። ማን ማን ዘንድ እንደ ገባ እንዳይጠይቁኝ።»

«አልጠይቅም፣ አባቴ። የጻፉትን ያንብቡልኝ።»

መነጽራቸውን አጠለቁ። «ሁለት ከአርባ፦ ረዳት አብራሪው ወጣ፤ የአራት ሰዓቱን ወረቀት ይዞ ወረደ። ሦስት ሰዓት፦ መካኒኩ። ሦስት ከሩብ፦ የአባ ክር ምክትል። ሦስት ከሃያ፦ ሥራ አስኪያጁ። ሦስት ከሃያ አምስት፦ ዋና አብራሪው። አራት ሳይሞላ አራቱም ወርደዋል። ከዚያ ወዲያ ቲኬት ቆራጯ ብቻ፣ አምስት ከአርባ።»

«ከአራት ሰዓት በኋላ የት እንደ ነበሩ ይታወቃል?»

«እንዴታ! ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ፣ ምክትሉ የአየር ጠባይ ክፍል ከሁለት ሰዎች ጋር፣ መካኒኩ አውሮፕላን ሥር፣ ዋና አብራሪው ሰማይ ላይ። እግዜርም ሰውም ያያቸዋል።»

«የድሮ ደብተሮችዎን ይጥላሉ?»

ሽማግሌው የተሰደቡ ያህል ቀና አሉ። «እኔ? የዐሥራ አንድ ዓመት ደብተር ነው እቤቴ ያለው። አንድ ሰው ግን ጠይቆኝ አያውቅም።»

«እኔ ጠየቅኩዎት» አለ መርማሪው፤ የሚፈልገውንም ቀን ነገራቸው።

*

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ጥርሱ ቢታይም ዐይኑ ቀልቷል።

«የስድስት ተኩሉ በረራ ሄደ?» አለው መርማሪው።

«ሄደ እንጂ! ሥራ አስኪያጁ ‹የሞተው ሞቷል፣ መንገደኛ ግን ይጮኻል› አለ። ሬሳ ላይ ፎቅ ሠርቶ የሚያከራይ ሰው ነው። ቲኬት ቆራጯ ይዛው በወረደችው ወረቀት መሠረት ቀዳሁ።»

«ከዚህ እስከ ታችኛው ማረፊያ ስንት ይፈጃል?»

«እኔን በሰዓት አይጠይቁኝ፤ በኪሎ ልንገርዎ። ስድስት መቶ ሃምሳ ለመንገድ፣ ሦስት መቶ ለመጠባበቂያ፣ ሰማንያ ደግሞ መሬት ላይ ለመንከባለያ። የመሬቱ ለብቻው ሣጥን አለው። ዛሬ ግን ሽማግሌው እጃቸው ተፈታ፤ ለመንገድ ብቻ ሰባት መቶ ሠላሳ ጻፉልኝ። ‹አባ ክር ምነው ደግ ሆኑ› ብዬ ስቄ ነበር፤ መሞታቸውን ገና አልሰማሁም።» ፈገግታው ጠፋ። «ሞተው ነበር ለካ ስስቅ።»

«ቆይማ» አለ መርማሪው፤ ዝም አለ።

መካኒኩ ጨርቁን ጠመዘዘው። «የዚያን ቀንም የቀዳሁት ወረቀቱ ያለውን ነው። ለካፒቴኑ ማለቴ ነው። ለኮሚቴው ብናገር፣ ዋናው ወረቀት ከአውሮፕላኑ ጋር ተቃጥሏል፣ ቅጂው የለም፤ ማን ያምነኛል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። የእኛ ወረቀት ግን ሰውዬውን ለቀቀው።»

*

የአባ ክር ምክትል ወጣ ያለ ግንባር ያለው፣ ሲናገር ጫማውን የሚያይ ሰው ነው።

«ከዚህ እስከ ታችኛው ማረፊያ?»

«ስድሳ አምስት ደቂቃ። ዛሬ ነፋስ የለም፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ማይል በሰዓት ሁለት መቶ አርባ ማይል ሲኬድ ስድሳ አምስት ይመጣል።»

«መሬት ላይ የሚንከባለለውስ?»

«እሱ እኛን አይመለከትም። እኛ የምንቆጥረው ጎማው ምድር ከለቀቀበት እስከ ነካበት ነው።»

«ቀዩ ክር ምንድን ነው?»

ምክትሉ የመርማሪውን ዐይን ላለማየት አንገቱን ሰበረ። «ተራራው ባይኖር የሚኬድበት መንገድ ነው። ባዶ አውሮፕላን ያልፈው ይሆናል። የተጫነ ግን ተራራውን የሚያሻግረው ከፍታ ላይ ቶሎ አይደርስም፤ መዞር አለበት።»

«በሁለቱ መካከል አርባ አምስት ማይል አለ።»

«ዐሥራ አንድ ደቂቃ» አለ ምክትሉ፤ ድምፁ በጭንቅ ነው የሚሰማው። መርማሪው ረጅም ጊዜ ጠበቀው። ሰውዬው ግን ያልተጠየቀውን አልጨመረም። ያልተለመደ ነገር ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ግን ቆሞ ነው ያነጋገረው፤ ሁለት ስልክ ይዞ። «አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ማስታወቂያችን ላይ አለ። ደግሞስ ይህ ከግድያው ጋር ምን አገናኘው? ለሴትዮዋ ሥራ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ አዝኜ። ውለታ እንዲህ ነው የሚመለሰው።»

«አዝነው ነው?»

«ባሏ የድርጅቱን ስም አጥፍቶ ሲሞት ሌላ ማን ያስጠጋታል?»

ዋና አብራሪው መጨረሻ ገባ። ቁመናው ያምራል፤ የበረራ ቦርሳውን ከእግሩ ሥር አኖረ። አራት ሰዓት ሄዶ፣ ሰባት ከሃያ ላይ ሲመለስ ፖሊስ የአውሮፕላኑ በር ላይ ጠብቆታል። የሁለት በረራ ድካም ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ነጭ ሸሚዙ ላይ ግን፣ በደረትና በሆዱ ዙሪያ፣ አዲስ ሸሚዝ ከላስቲክ ሲወጣ የሚኖረው የእጥፋት መስመር ገና አልጠፋም።

«እባክዎን ይህችን ልጅ ይልቀቋት» አለ ከመቀመጡ። «ዝንብ አትገድልም። ባሏ ጓደኛዬ ነበር። ለልጆቹ ቃል አለብኝ።»

«አባ ክርን ዛሬ አይተዋቸዋል?»

«አላየሁም። ቁም ሣጥኔን ከፍቼ ወረድኩ። ወረቀቱን ረዳቴ ቀድሞ ወስዶታል።»

«ያን ቀን፣ ካፒቴኑ የወደቀ ዕለት፣ በረራው የእርስዎ ነበር ይባላል።»

«የእኔ ነበር። ጉንፋን ጆሮዬን ደፈነው፤ በደፈነ ጆሮ ደግሞ አይበረርም። ከቤቴ ደውዬ ‹ተካኝ› አልኩት። በየቀኑ አስበዋለሁ።» ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ የውሸት እንባ አልነበረም።

«ይቅርታ፣ አንድ የሞኝ ጥያቄ። ከዚህ እስከ ታችኛው ማረፊያ ስንት ይፈጃል?»

አብራሪው በደከመ ፈገግታ መለሰ። «ሰባ ሦስት ደቂቃ። ሃያ ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ ብተኛም አልስተውም።»

መርማሪው አመሰገነው፤ ማስታወሻውንም ዘጋ።

*

ዐሥር ተኩል ሲሆን ሁሉንም አባ ክር ክፍል ሰበሰባቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ወንበሩ ላይ ግን ማንም መቀመጥ አልፈለገም። ቲኬት ቆራጯ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች። ዋና አብራሪው «አይዞሽ» አላት በዐይኑ። ጥበቃው አንድ አሮጌ ደብተር ታቅፈው በሩ ሥር ቆመዋል።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። «ቶሎ ብንጨርስ።»

«እኔ ቶሎ አላውቅበትም» አለ መርማሪው። «ከወረቀቷ ልጀምር። ይህችን እህታችንን ያሳሰራት ቁጥር 418 ነው። ‹አምስት ከሃያ› ይላል። አባ ክር በዚያ ሰዓት ከጻፉት ገዳዩ ከዚያ በኋላ የወጣ ሰው ነው። ቁጥር 417ን ከጎኑ ተመልከቱ። ያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ያው ርቀት፣ ነፋስ የሌለበት ያው ቀን። አንዱ ስድሳ አምስት ደቂቃ ይላል፣ አንዱ ሰባ ሦስት። አንድ ሰው ባንድ ጠዋት አንድ መንገድ ሁለት ዓይነት ይለካል?»

«አባ ክር?» አለ ምክትሉ ሳያስበው። «ነፍሳቸው ብትወጣ አያደርጉትም።»

«እንግዲያው 418ን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ቁጥር ብቻ ስለሆነ መምሰል አይከብድም፤ ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ነው። ለምን ጻፈው? ሟቹ አምስት ከሃያ ላይ እንዲኖሩለት። እሳቸው ግን ያኔ ሞተዋል። ወረቀቱም የተጻፈው ገዳዩ ከመውረዱ በፊት፣ ከአራት ሰዓት በፊት ነው። ስለዚህ ከአራት በኋላ የት ነበራችሁ የሚለው ጥያቄ አያስፈልግም። ከሦስት እስከ አራት ይህን ፎቅ የወጣችሁ አራት ናችሁ።»

መካኒኩ ጨርቁን ኪሱ ከተተ።

«አራታችሁንም አንድ ነገር ጠየቅኋችሁ፤ ‹የሚያስቀው ጥያቄ› ሳትሉት አልቀራችሁም። ሥራ አስኪያጁ ‹አንድ ሰዓት ተኩል› አሉ፤ እሳቸው የሚያውቁት ማስታወቂያውን ነው። መካኒኩ በኪሎ ነገረኝ። ምክትሉ ስድሳ አምስት አለ፤ ዕቅድ አውጪ የሚቆጥረው አየር ላይ ያለውን ብቻ ነው፣ የመሬቱ ነዳጅ ለብቻው ሣጥን አለው። 418ን የጻፈው ግን የመሬቱን ስምንት ደቂቃ ከመንገዱ ጊዜ ጋር ደምሮ፣ ለብቻውም ሞልቶታል። መካኒኩ የሳቀባት ሰማንያ ኪሎ እሷ ናት። መሬቱን ከሰማዩ ጋር የሚደምር ማን ነው? ከጎማው ሥር ታኮው ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ ታኮው እስኪመለስ የሚቆጥር። የበረራ ሰዓቱን በግል መዝገቡ እንደዚያ የሚያሰፍር። አብራሪ።»

ዋና አብራሪው ቦርሳውን በእግሩ ወደ ራሱ ሳበ። «ማንም አብራሪ ያውቀዋል» አለ።

«ልክ ነው። ደረጃውን የወጡት አብራሪዎች ግን ሁለት ናቸው፤ ረዳቱ ከመገደላቸው በፊት ወረቀት ይዞ ወርዷል። የ417 ቅጂ እዚያው ጥራዙ ውስጥ ነበር፤ ቢያዩት ስድሳ አምስት ይልዎታል። ግን ሃያ ዓመት በእጁ የጻፈውን ቁጥር የሚያመሳክር የለም።»

«ለምን ብዬ? እኒያን ሽማግሌ ለምን እገድላለሁ?»

መርማሪው ወደ ምክትሉ ዞረ። «እሱን አንተ ጀምርልን። ቅድም በጣም ጠብቄህ ነበር።»

ምክትሉ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። «የዚያን ቀን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «አባ ክር ታመው ነበር። ኮምፒውተሩ ቀጥታውን ርቀት ሰጠኝ፤ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት። በክር ሳልለካ ጻፍኩት። ታች ጉም ነበር፤ ግማሽ ሰዓት እየዞሩ መጠበቅ ነበረበት። መጠባበቂያው ለዚያ ነው። ዐሥራ አንዱን ደቂቃ ግን ከመጠባበቂያው ላይ መንገዱ በላበት። ቅጂውን ደበቅኩት። አባ ክር የዛሬ ሁለት ሳምንት አገኙት። ‹ራስህ እስክትናገር እጠብቅሃለሁ› አሉኝ።»

ቲኬት ቆራጯ አፏን በእጇ ያዘች።

«ከቅጂው ግርጌ የተረካቢ ፊርማ ነበረ?» አለ መርማሪው።

«ነበረ። ‹ተመልክቼ ተረክቤያለሁ› የሚለው ላይ። የዋና አብራሪው ፊርማ።»

«ያን ቀን ከቤቱ ነው የደወለው!» አለች ቲኬት ቆራጯ። «ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ!»

«ያንብቡልን፣ አባቴ።»

ጥበቃው ደብተሩን ገለጡ። «ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ከአርባ፦ ዋና አብራሪው ወጣ። ዐሥራ ሁለት ከሃምሳ አምስት፦ ዋና አብራሪው ወረደ፤ ከግቢ ወጣ። ወረቀት አልያዘም።»

መርማሪው አብራሪውን ተመለከተው፤ ድምፁን አላነሣም። «ወረቀቱን አዩ። መንገዱን በልብዎ ያውቁታል፤ እንደማይበቃም አወቁ። ፈርመው እዚያው ተዉት፣ ወደ ቤትዎ ሄደው ደወሉ። ዛሬ ጠዋት አባ ክር ቅጂውን አሳዩዎት። ሸሚዝዎ ደግሞ ሁለት በረራ አድርጎ የመጣ ሰው ሸሚዝ አይመስልም፤ ዛሬ ነው ከላስቲኩ የወጣው። የጠዋቱ የት አለ? ከዚያ ወዲህ ብቻዎን ሆነው የሚጥሉበት ቦታ አላገኙም። ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ።»

አብራሪው ቦርሳውን አልከፈተም። ፖሊሱ ከፈተው። ተጠቅልሎ የታሰረ ሸሚዝ ወጣ፤ የቀኝ እጅጌው ጫፍ ጠቁሯል። በመካከሉ አራት ጊዜ የታጠፈ ቅጂ ነበረ።

«ከዚያ ቀን ሳምንት ቀደም ብሎ ነዳጅ ለማስጨመር ብዬ ጭነት አስወርጄ ነበር» አለ አብራሪው ማንንም ሳያይ። «እሱ» ወደ ሥራ አስኪያጁ በአገጩ አመለከተ፤ «በሠራተኛ ፊት አዋረደኝ፤ ‹ዳግመኛ ጭነት ብታስወርድ የበረራ ፈቃድህን አስረክበህ ትሄዳለህ› አለኝ። ያን ቀን እንደ ገና መጣላት አቃተኝ። ታምሜያለሁ አልኩ። ካፒቴኑ ያየዋል ብዬ ነበር፤ ከእኔ የተሻለ አብራሪ ነው፣ ያየዋል ብዬ።»

«አላየውም» አለ መርማሪው። «የእርስዎን ፊርማ አየ።»

አብራሪው ያኔ ተሰበረ። ግድግዳውን ይዞ ቁጢጥ አለ። «‹እኔ ሳልነግራት ራስህ ንገራት፣ እስከ እኩለ ቀን ጊዜ አለህ› አሉኝ ሽማግሌው። ደግ ሆነው ነው ያሉት። ልጆቹ በር ላይ ‹አጎቴ› እያሉ ሲሮጡ ታየኝ። ብረቱ እጄ ላይ ነበር።»

ቲኬት ቆራጯ ፖሊሶቹን አልፋ ፊቱ ቆመች። ማንም አልያዛትም።

«የእኩለ ቀኑን ወረቀት በየቀኑ የማወርደው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ።»

አብራሪው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ልጆቼን ምን ልትላቸው ነበር? ‹እናታችሁ ገዳይ ናት፤ ኑ እኔ ላሳድጋችሁ›?»

«አላሰብኩም» አለ። «በእናትሽ፣ እስከዚያ አላሰብኩም።»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ሲያነሣ መርማሪው ከእጁ ወሰደው። «እርስዎም ከኛ ጋር ይመጣሉ። ስለዚያች ሳምንት የሚያጫውቱን አለ።» ምክትሉ ሳይጠራ ከኋላቸው ተከተለ። መካኒኩ ለቲኬት ቆራጯ አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ፣ ቃል ሲያጣ፣ ቦርሳዋን ከሻንጣ መጋዘኑ አምጥቶ ሰጣት።

*

መርማሪው እስከ ቤቷ አደረሳት። መኪናው ሲቆም «መዝገቡ እንደ ገና ይከፈታል» አላት። «የባልሽ ስም ይታደሳል። ቢዘገይም።»

«ስምንት ማይል ስንት ደቂቃ ነው?» አለች በሩን ይዛ።

መርማሪው ማስላት አላስፈለገውም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያሰላው ነው የዋለው። መናገር ግን ከበደው። «ሁለት» አለ።

ራሷን ነቅንቃ ወረደች።

ጎረቤቷ በሩን ከፈተችላት። ታላቋ ልጅ ደብተሯ ላይ ተደፍታለች፤ ታናሹ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ይስላል። እናቱን ሲያይ ከኋላዋ ሌላ ሰው ፈለገ።

«አጎቴስ?» አለ። «ዛሬ አይመጣም?»

ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ስድስት ወር ሙሉ በዚህ ቤት የአባታቸው ስም ተነሥቶ አያውቅም፤ በትምህርት ቤት ሲነሣባቸው ታላቋ እያለቀሰች ትመጣለች፣ እናትየዋም ወጥ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች።

«አይመጣም» አለች። ምንጣፉ ላይ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች፤ ታላቋንም በእጇ ጠራቻት። «ነይ፣ ደብተሩን ተዪው። ስለ አባታችሁ ልንገራችሁ።»